ከናይሮቢ ሚኒያፖሊስ ስንት ሰዓት ነው?

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ ከክፍል ትምህርት ጋር የተያያዙ ጉዳዮችን ነው የምናቀርበው። የዛሬውም ከዚያ የራቀ አይደለም፤ የጂኦግራፊና የሒሳብ ትምህርት ነው። የተጀመረው ግን ክፍል ውስጥ ሳይሆን እዚሁ ካኩማ፣ እንጀራ የሚሸጡ አንዲት እናት ደጃፍ ላይ ነው።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት በጃንዋሪ ወር ነበር። በእኛ ብሎክ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት የመጨረሻ ልጃቸው ፕሮሰሱ አልቆ፣ ፍላይት ወጥቶለት፣ ከካምፑ ወደ ናይሮቢ ተወሰደ። መድረሻው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስ የምትባል ከተማ ናት። ማክሰኞ ማታ ከናይሮቢ እንደሚነሳ በስልክ ነገራቸው። ሐሙስ ጠዋት እንጀራ ልገዛ ስሄድ ምጣዱ አልተጣደም። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«መምህር፣ አውሮፕላን አየር ላይ ሁለት ቀን ይቆያል እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አይቆይም እማማ፣ ምነው?»

«ልጄ ማክሰኞ ማታ ተነሳ። ረቡዕ አለፈ። ይኸው ሐሙስ ነጋ። ጎረቤት ‹አሜሪካ እኮ አስራ አምስት ሰዓት ነው› ብሎኛል። አስራ አምስት ሰዓት ከሆነማ ልጄ የት ገባ?»

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። «አይዞዎት፣ ይደውላል» ብዬ ተነሳሁ። ግን እኮ እኔ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ! ቤቴ ገብቼ በወረቀት ላይ ላሰላው ብሞክር መጀመሪያ ርቀቱን፣ ቀጥሎ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ ቀኑን ሁሉ አምታታሁት። የዚያን ዕለት ለማታ ተማሪዎቼ ጥያቄውን ሰጠኋቸውና አብረን ሠራነው። ከዚህ በታች የምታነቡት ያ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጎረቤትየው አስራ አምስት ሰዓት። ሰውዬው አልዋሸም። የኬንያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 2018 ከናይሮቢ ኒውዮርክ ያለ ማረፊያ መብረር ሲጀምር ጉዞው ሲሄድ 15 ሰዓት፣ ሲመለስ 14 ሰዓት እንደሚፈጅ ነበር የተነገረው። ርቀቱም 11,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ዜናውን በሬዲዮ የሰማ ሁሉ «አሜሪካ አስራ አምስት ሰዓት» ብሎ ያዘ። አሜሪካ ግን አንድ ከተማ አይደለችም። ሚኒያፖሊስ ከኒውዮርክ በስተምዕራብ በጣም ርቃ፣ ወደ ካናዳ ድንበር ተጠግታ የምትገኝ ናት። የእማማ ልጅ ደግሞ ቲኬቱ በአምስተርዳም በኩል ነው።

አምስተርዳም የሚለውን ሲሰሙ ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ ተቃወሙ። «ሰሜን ወጥቶ ዞሮ ነው እንዴ የሚሄደው? ቀጥታ ወደ ምዕራብ አይሻልም?» አንዱ ተነስቶ የግድግዳው ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀመጠና ከናይሮቢ እስከ ሚኒያፖሊስ መስመር አሰመረ። መስመሩ ማሊንና ሞሪታኒያን አቋርጦ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስን ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። «አጭሩ መንገድ ይኼ ነው» አለ። ክፍሉም አጨበጨበለት።

ስህተቱ የልጁ አይደለም፣ የካርታው ነው። መሬት ድቡልቡል ናት፤ ካርታ ግን ጠፍጣፋ ወረቀት ነው። ብርቱካን ልጣችሁ ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ ሳይቀደድ ወይም ሳይለጠጥ አይዘረጋም። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው የመርካቶር ካርታ ደግሞ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ በራቅን ቁጥር አገሮቹን እየለጠጠ ነው የሚስላቸው። ስለዚህ በእሱ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ መስመር ቀጥ ያለ ይምሰል እንጂ እውነተኛው መሬት ላይ ጎባጣ ነው።

ትክክለኛው መለኪያ ክር ነው። ሉል ያለው ሰው የክሩን አንድ ጫፍ ናይሮቢ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሚኒያፖሊስ ላይ ይያዝና እስኪወጠር ይሳበው። ክሩ የተኛበት አጭሩ መንገድ ነው። የመሬት ዙሪያ በግምት 40,000 ኪሎ ሜትር ነው። የሉላችሁ ወርድ ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ያህል ይወክላል ማለት ነው። የእኛ ክር 31 ሳንቲ ሜትር መጣ። 31 በ425 ሲባዛ 13,175። በሒሳብ ቀመር በትክክል ሲሰላ ደግሞ 13,150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በክርና በማስመሪያ እንዲህ መቅረብ ይቻላል፤ እኔ ራሴ አላመንኩም ነበር።

(ከፍ ያለ ክፍል ላላችሁ፦ 40,000ን ለ360 ብታካፍሉ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከመሬት እምብርት ላይ ሆናችሁ ሁለቱን ከተሞች ብታዩ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 118 ዲግሪ ያህል ነው። አባዙት።)

ክሩ በየት በኩል እንዳለፈ ስናይ ክፍሉ ዝም አለ። ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነስቶ ደቡብ ሱዳን፣ ሱዳን፣ ዳርፉር፣ ቻድ፣ ሊቢያ፣ አልጄሪያ፤ ከዚያ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ስፔን፤ ከዚያ አትላንቲክ፣ ካናዳ፣ ሚኒያፖሊስ። አንዷ ተማሪ «ይኼማ ልጆቻችን በጭነት መኪና የሚሄዱበት መንገድ ነው» አለች። እውነትም ሱዳንና ሊቢያ ድረስ ያለው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለ እሱ መንገድ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን።

ወደ አምስተርዳም እንመለስ። ከናይሮቢ አምስተርዳም 6,680 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአምስተርዳም ሚኒያፖሊስ ደግሞ፣ የሚገርመው፣ እሱም 6,680 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምስተርዳም ልክ መንገዱን ለሁለት እኩል የከፈለች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ሲደመር 13,360። ከወጠርነው ክር የሚበልጠው በ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ባለ ብቻ ነው፤ ለአውሮፕላን ይህ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ተማሪው በማስመሪያ ያሰመረው «ቀጥታ» መስመርስ? እሱ ሲሰላ 13,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ዞሮ የሚሄድ የመሰለን በአምስተርዳም ያለው መንገድ ከማስመሪያው መስመር በ500 ኪሎ ሜትር ያጥራል። ያጨበጨቡት ልጆች እጃቸውን ሰበሰቡ።

አሁን ሰዓቱ። ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከፍታ ላይ ከወጡ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ። 6,680 ለ900 ሲካፈል 7 ሰዓት ተኩል እንኳን አይሞላም። ቲኬቱ ላይ ግን ከናይሮቢ አምስተርዳም 8 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከአምስተርዳም ሚኒያፖሊስ ደግሞ 9 ሰዓት ገደማ ነው የሚታየው። የቀረው ጊዜ የት ሄደ?

አንደኛ ነገር፣ ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት አየር ላይ ያለው ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ በሌላው ኤርፖርት እስኪቆም ድረስ ያለው ነው። በመንደርደሪያው ላይ ተራ መጠበቅ፣ ቀስ ብሎ መውጣት፣ ቀስ ብሎ መውረድ ሁሉ ይቆጠራል። መስመሩም እንደ ክራችን የተወጠረ አይደለም፤ በአየር መተላለፊያዎችና ጦርነት ባለባቸው አገሮች ምክንያት ይጠማዘዛል።

ዋናው ግን ንፋስ ነው። ከምድር ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ልክ አውሮፕላኖቹ በሚሄዱበት፣ ጄት ስትሪም የሚባል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ወንዝ አለ። በሰሜን አትላንቲክ ላይ በብርዱ ወራት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በ900 ቢሄድም 100 ኪሎ ሜትር ንፋስ ፊቱን ከመታው መሬት ላይ ሲለካ የሚጓዘው በ800 ነው። 6,680 ለ800፣ 8 ሰዓት ከ20። ያው ንፋስ ከጀርባ ቢገፋው ደግሞ በ1,000 ይሄዳል፤ 6 ሰዓት ከ40። በአንድ መንገድ ላይ የአንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ልዩነት! ከሎድዋር በብስክሌት የመጣ ሰው ይኼን ማስረዳት አያስፈልገውም። የቱርካና ንፋስ ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «መምህር፣ መሬት ወደ ምሥራቅ ትዞር የለ? ታዲያ አውሮፕላኑ ዝም ብሎ አየር ላይ ቢቆም አሜሪካ ራሷ አትመጣለትም?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አትመጣም ነው። አየሩም ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ላይ ብትዘሉ የምታርፉት ያው የተነሳችሁበት ቦታ ላይ ነው፤ የኋላ ወንበር ላይ አትወድቁም። አውሮፕላኑም እንደዚያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኼ የአገር ቤቱ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ ሲመጣ፣ ሲሄድ ግን እንደ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ባለ ከተማ አርፎ ነዳጅ ይቀዳ ነበር። ሰዉ «ለምን?» ይላል። ንፋሱ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን ቦሌ ራሱ ነው። የቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው ያለው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ክንፉ የሚያርፍበት፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅም ሙሉ ሰውም ሻንጣም ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። የናይሮቢው 1,624 ሜትር ላይ ስለሆነ ትንሽ ይሻላል። የአምስተርዳሙ ደግሞ፣ ለማመን ይከብዳል እንጂ፣ ከባሕር ጠለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው።

እስካሁን ርቀቱንና የበረራ ጊዜውን አገኘን። እማማን ያስጨነቃቸው ግን ይኼ አልነበረም፣ የሰዓቱ አቆጣጠር ነው። እኔንም ያምታታኝ እሱ ነው።

መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ማለት ነው። ናይሮቢ በ37 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ፣ ሚኒያፖሊስ በ93 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ላይ ናቸው። ድምሩ 130 ዲግሪ፤ ለ15 ሲካፈል ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል። በእርግጥም በብርዱ ወራት ሚኒያፖሊስ ከእኛ 9 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ግን አሜሪካኖች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚያደርጉ ልዩነቱ 8 ይሆናል። አምስተርዳም ደግሞ በብርዱ ወራት ከእኛ 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ናይሮቢና አዲስ አበባ አንድ ዓይነት ሰዓት ስለሆኑ በእነሱ መካከል ምንም ስሌት የለም።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየከተማው ሰዓት ነው። የመነሻው በናይሮቢ፣ የመድረሻው በሚኒያፖሊስ አቆጣጠር። እንግዲህ የእማማን ልጅ እንከተለው፤ ደቂቃዎቹን ለስሌት እንዲመች አስተካክዬአቸዋለሁ።

ማክሰኞ በቲኬቱ 23:00፣ በእኛ አቆጣጠር ማታ 5 ሰዓት፣ ከናይሮቢ ተነሳ። ስምንት ሰዓት ተኩል በረረ። እኛ ዘንድ ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን አምስተርዳም ገና ሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነበር። እዚያ አምስት ሰዓት ተቀመጠ። በአምስተርዳም ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል፣ በእኛ ቀን 6 ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው አውሮፕላን ተነሳ። ዘጠኝ ሰዓት በረረ። እኛ ዘንድ ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሚኒያፖሊስ አረፈ። እዚያ ስንት ሰዓት ነው? ቀን 6 ሰዓት ተኩል፣ ረቡዕ።

ሁለተኛውን በረራ ልብ በሉት። ከአምስተርዳም የተነሳው ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል፣ የደረሰው ቀን 6 ሰዓት ተኩል። በግድግዳ ሰዓት ቢታይ ሁለት ሰዓት ነው፤ ልጁ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወደ ምዕራብ ሲሄድ ፀሐይን እየተከተለ ስለሆነ ቀኑ አልመሽ አለው። በጠቅላላው ከናይሮቢ እስከ ሚኒያፖሊስ የፈጀው 22 ሰዓት ተኩል ነው። ጎረቤትየው ካለው 15 በሰባት ሰዓት ተኩል ይበልጣል።

«ታዲያ ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ከደረሰ እስከ ሐሙስ ለምን አልደወለም?» ትሉ ይሆናል። ይኼን የነገረን ራሱ ልጁ ነው። ፎርም ሞልቶ፣ የሚቀበሉት ሰዎች ወስደውት ቤት ሲገባ እዚህ እኩለ ሌሊት ሆኗል። «አሁን እናትህ ጋ ሌሊት ነው፣ አታስደንግጣቸው» አሉት። እሱም ተኛ። ሌሊት በእነሱ 9 ሰዓት ላይ ነቃ፤ እንቅልፍ የለም። ሰውነቱ ገና ካኩማ ነው፤ እዚህ እኮ ሐሙስ እኩለ ቀን ሆኗል። (የሰውነት ሰዓት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚስተካከለው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ለሁሉም እንደዚያ ነው።) ሲም ካርድ የለውም። የቤቱ ሰዎች ተኝተዋል፣ ከዚያ ሥራ ሄዱ። ሰው ተመልሶ ስልክ ሲሰጠው እዚያ እኩለ ቀን፣ እዚህ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት። የእማማ ስልክ ያኔ ጮኸ። እልልታው ብሎኩን ሁሉ ነው የቀሰቀሰው።

እንደምታዩት የጠፋ ነገር የለም። ልጁ አልዘገየም፣ አውሮፕላኑም አልዘገየም። እማማ ግን አንድ ቀን ሙሉ ምጣድ ሳይጥዱ፣ እህል ሳይቀምሱ ዋሉ።

ሌላም የሰዓት ጣጣ አለ፤ ይኼኛው በእውነት ሰው ያስቀራል። አንድ የማውቀው ወጣት ወንድሙ ገንዘብ አውጥቶ በላከለት ቲኬት ብቻውን ሲጓዝ በአውሮፓ አንድ ኤርፖርት ትራንዚት ነበረው። ቲኬቱ 08:10 ይላል። «ስምንት ሰዓት ከአስር፣ ምሳ በልቼ ነው» ብሎ ተረጋግቶ ተቀመጠ። 08:10 በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 ነው። ጌቱ ጋ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጠረው፤ የእኛ ከንጋት። ስለዚህ ከቲኬቱ ላይ 6 ቀንሱ። 14:40 ከሆነ 8 ሰዓት ከ40 ቀን። 19:00 ከሆነ 13 ይመጣል፤ ከ12 ሲበልጥ 12 ደግሞ ቀንሱ፣ ማታ 1 ሰዓት። ከ6 ያነሰ ከሆነ፣ ለምሳሌ 01:30፣ በመቀነስ ፋንታ 6 ጨምሩ፣ ሌሊት 7 ተኩል። ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ «+1» ካያችሁ በማግስቱ ማለት ነው።

ይኼ ግራ መጋባት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስዋሂሊ የሚናገር ጎረቤታችሁን ጠዋት ላይ ሰዓት ጠይቁት። «ሳ ምቢሊ» ካለ ልክ እንደ እኛ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ በዚህ ብቻችንን አይደለንም።

እስካሁን ከናይሮቢ ስላለው ብቻ ተነጋገርን። ሁላችሁም እንደምታውቁት ጉዞው ናይሮቢ አይጀምርም። ከካኩማ ናይሮቢ በቀጥታ መስመር 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመኪናው መንገድ በሎድዋርና በኪታሌ ስለሚጠመዘዝ ከዚህ ብዙ ይረዝማል። ናይሮቢ ደግሞ በትራንዚት ማዕከል ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ከጉዞ በፊት የጤና ምርመራ አለ። በአይ ኦ ኤም በኩል የሚሄድ ሰው የሚሰጠውን ነጭ ቦርሳ ከእጁ ባይለይ ጥሩ ነው፤ በየትራንዚቱ የሚቀበሉት ሰዎች የሚለዩት በእሱ ነው። በስደተኞች ፕሮግራም ወደ አሜሪካ የሄዱት የቲኬቱን ገንዘብ በኋላ ቀስ እያሉ የሚከፍሉት ወለድ የሌለው ብድር እንደሆነም አንዳንዶች እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው ልብ የሚሉት።

መሄድ ራሱ በእጃችን እንዳልሆነም አይተናል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በፈረሙት ትእዛዝ አሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሟን አገደች፤ ቲኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች በረራ ተሰረዘ። ሻንጣ የዘጋ ሰው ሻንጣውን ፈታ። ይኼን ጽሑፍ ከእነሱ መካከል የሚያነብ ሊኖር ይችላልና የምጽፈው አስቤበት ነው። ርቀቱን ማወቅ ለሄደ ሰው ብቻ አይደለም፤ አብዛኞቻችን የምንፈልገው እዚሁ ሆነን ከሄዱት ጋር ለመነጋገር ነው።

ስለዚህ ስለ መደወል። ሚኒያፖሊስ ሰው ያላችሁ፣ በብርዱ ወራት እዚህ ቀን 6 ሰዓት ላይ ብትደውሉ እዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ሰዉ ደግሞ በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮህ ሞት የተረዳ ነው የሚመስለው፤ እባካችሁ ተዉ። የሚሻለው እዚህ ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ነው። እዚያ ገና ያለፈው ቀን ማታ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ስለሆነ ከሥራ ገብተው፣ ሳይተኙ ታገኟቸዋላችሁ። ወይም እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፤ እዚያ ጠዋት 1 ሰዓት ሆኖ እየተነሱ ነው። በበጋቸው አንድ ሰዓት ጨምሩበት።

እማማ አሁን የሚደውሉት ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ምጣዱን ከመጣዳቸው በፊት ነው። ልጃቸው ስልኩን የሚያነሳው እሑድ ማታ ነው። «እኔ ሰኞ ነኝ፣ አንተ ገና እሑድ ነህ» ይሉታል፤ አሁንም ድረስ ያስቃቸዋል።

ለሚቀጥለው እትም የሚሠራ ጥያቄ፦ ከናይሮቢ ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሉል ላይ ክሩ ስንት ሳንቲ ሜትር ይሆናል? ሜልቦርን በጃንዋሪ ከእኛ 8 ሰዓት ወደፊት ናት። እህታችሁ ከናይሮቢ ዓርብ በቲኬቱ 16:00 ተነስታ፣ በመንገድ ላይ የምትቆይበት ተጨምሮ 21 ሰዓት ቢፈጅባት፣ ሜልቦርን የምትደርሰው በየትኛው ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር በስንት ሰዓት ነው? የት እንዳረፈች ሳትጨነቁ እንድትተኙ፣ መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለማታ ትምህርት ክፍላችን አምጡ።